ለነርሲንግ መምህር፦ የቀጥታ የኦንላይን ክፍል ወይስ የተቀረጸ ቪዲዮ?

ዝግጅት፦ ለቀጥታው ስላይድና ጥሩ ማይክ ይበቃሉ። ቀረጻ ግን ጽሑፍ ማዘጋጀትና ማረም ይጠይቃል፤ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ጥቅሙ፣ ለሚቀጥለው ዙር ተማሪዎችም ያገለግላል።

ኢንተርኔት፦ መስመር ሲቆራረጥ የቀጥታው ተማሪ ይጎዳል። ቪዲዮ ግን አውርዶ መድገም ይቻላል።

የእጅ ክህሎት፦ እዚህ ቀረጻው በግልጽ ይበልጣል። ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጓንት አጠላለቅን ሲያሳዩ ካሜራውን ከትከሻዎ በላይ አድርገው ወደ እጅዎ ያነጣጥሩ፤ ከፊት ለፊት ከተቀረጸ ግራና ቀኙ ለተማሪው ይገለበጥበታል። በአንድ ቪዲዮ አንድ ክህሎት ብቻ ያሳዩ። ማየት ግን መቻል አይደለም! ተማሪው በላብራቶሪ፣ በቼክሊስት መመዘን አለበት።

ስሌትና ክሊኒካዊ ውሳኔ፦ ቀጥታው ይሻላል። ምሳሌ፦ 500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ4 ሰዓት፣ የአይቪ (በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጥበት) መስመሩ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ቢሆን፣ 500×20÷240፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይሆናል። ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ሳይቀይር በ4 ያካፈለ ተማሪ 2,500 ያገኛል፤ በቀጥታ ክፍል ስህተቱ እዚያው ይታረማል።

ስጋት፦ በቀጥታው ዝምታ ነው፤ ተማሪዎችን ከ4 እስከ 5 ሆነው በትንንሽ ክፍሎች ያወያዩ። በቀረጻው ደግሞ መመሪያ ሲለወጥ የድሮው የመድኃኒት መጠን በቪዲዮው ውስጥ እንዳለ ይቆያል፤ መጠኑን በቪዲዮ ሳይሆን በሚታደስ ሰነድ ያስፍሩ። በሁለቱም የታካሚ ስም፣ ፊትና የካርድ ቁጥር አይታይ።

ተማሪዎችዎ በተለያየ ፈረቃ የሚሠሩ ከሆኑ ቀረጻውን ይምረጡ። ቡድኑ ትንሽ፣ ትምህርቱም የኬዝ ውይይት ከሆነ ቀጥታውን ይምረጡ።