ድብልብል የአማርኛ ፎንት ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ወፍራም፣ ድብልብል ያሉ፣ ሲያዩዋቸው ፈገግ የሚያሰኙ የአማርኛ ፎንቶች እየተቸበቸቡ ነው። ለታፔላ፣ ለጁስ ቤት፣ ለልጆች ልደት ባነር ይፈለጋሉ። ማስታወቂያቸውም ዓይን ይይዛል። ታዲያ ብር ከመላካችሁ በፊት ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ፎቷቸው ሌላ፣ ፋይላቸው ሌላ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ለሚከፍተው ምግብ ቤት እንዲህ ያለ ፎንት በ2,500 ብር ገዛ። ማሳያው ላይ «ቡና»፣ «ሰላም»፣ «መልካም ልደት» ተጽፎበታል፤ እውነትም ያምራል። ሜኑው ታትሞ ሲመጣ ግን «ቋንጣ ፍርፍር» የሚለው ላይ «ቋ» ብቻዋን ቀጥና ቆማለች። የቀረው ድብልብል ብሏል፤ እሷን ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት አምጥቶ ነው የሰካት። ዋጋዎቹም እንደዚያው። ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ፎንቱ ውስጥ ጭራሽ የሉም። ሻጩን ሲጠይቀው መጀመሪያ «አፕዴት እየሠራሁ ነው» አለው፤ ቀጥሎ ብሎክ አደረገው። የማተሚያ ቤቱ ሂሳብ ግን መከፈሉ አልቀረም።

ፎንቶቹ ጎዶሎ የሚሆኑት ሥራው ከባድ ስለሆነ ነው። የላቲን ፎንት የሚሠራ ሰው 26 ፊደል በትልቁና በትንሹ ይስላል፤ ከቁጥርና ከምልክት ውጭ 52 ቅርጽ ማለት ነው። የእኛዎቹ 33 ፊደላት ግን በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነ ቋ፣ ጓ፣ ሟ፣ ቧ ገና አልተቆጠሩም። ፊደሉ ወፍራም ሲሆን ደግሞ ጣጣው ይብሳል። «ቢ» እና «ቤ»ን አስተያዩአቸው። ልዩነታቸው እግራቸው ጫፍ ላይ ነው፤ አንዷ ጭረት አላት፣ ሌላዋ ቀለበት። ፊደሉ ሲወፍር የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈናል፤ ያኔ «ቤት» ተብሎ የተጻፈው ከሩቅ «ቢት» ይመስላል። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለዩትም አናታቸው ላይ ባለች ጭረት ነው። ጭረቷ ከታች ካለው ጋር ከተጣበቀች ሸማው ሰማ ይሆናል። ጎበዝ ዲዛይነር ለዚህ ሲል አንዱ ጋ ያሳሳል፣ ሌላው ጋ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ፊደል በፊደል ይታገላል። እንዲህ ለለፋ ሰው መክፈል ተገቢ ነው፣ ሲያንሰው ነው። እኔ የምላችሁ ሌላ ሰው የሠራውን ፎንት ወስደው ጠርዙን በሶፍትዌር አሳብጠው የሚሸጡትን ነው።

ሌላው ወጥመድ አሮጌ ፎንት በአዲስ ስም መሸጥ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች አማርኛውን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። በዘመናቸው ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፣ ውለታቸው አይረሳም። ዛሬ ግን በእነሱ የጻፋችሁትን ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆንባችኋል። ለማወቅ ቀላል ነው። ከስልካችሁ አንድ የአማርኛ መስመር ኮፒ አድርጉና ፎንቱን ምረጡለት። ጽሁፉ ወደ አዲሱ ቅርጽ ካልተለወጠ ፎንቱ ለዩኒኮድ አማርኛ አልተሠራም፤ ተዉት።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በነጻ የተሰጠንን ነገር መልሶ መሸጥ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጎግል ፎንትስ ላይ በነጻ ይገኛል፤ ከስስ እስከ «ብላክ» የሚባለው በጣም ወፍራሙ ድረስ አለው። ያን ያህል ተጫዋች አይደለም፣ ግን ቋም አለችው፣ ለርዕስ ጥሩ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልም ነጻ ነው። ሁለቱም የወጡበት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ የሚባለው የአጠቃቀም ፈቃድ ለንግድ ሥራችሁ እንድትጠቀሙባቸው ይፈቅዳል፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥን ግን ይከለክላል። እነዚህን መሳይ ፎንቶች ስም ቀይሮ፣ «መቶ ምናምን ፎንት በአንድ ጥቅል» ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው። ፋይሉ እጃችሁ ከገባ ዊንዶውስ ላይ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲቴይልስ የሚለውን ክፈቱ። ሻጩ ካላጠፋው የባለመብቱ ስም እዚያ አለ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን የራሳችሁን ቃላት በፎንቱ ጽፎ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። እሱ የመረጣቸውን አትቀበሉ። «ቋንጣ፣ ቧንቧ፣ ጓደኛ፣ ሟሟ፣ ጤፍ፣ ቤት፣ ቢላ፣ 180 ብር።» አራት ነጥቡም ይታይ። ፋይሉ ቲቲኤፍ ወይም ኦቲኤፍ የሚባለው የፎንት ፋይል ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ የፊደል ምስሎችን በፎልደር ጠቅልለው «ፎንት» የሚሉ አሉ። ለሎጎና ለማስታወቂያ መጠቀም እንደምትችሉም በጽሁፍ ይስጣችሁ። ፎንቱን የሠራው ሰው ለዚህ አያንገራግርም። «መጀመሪያ ላክ፣ ከዚያ ታየዋለህ» ካላችሁ እለፉት።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ቻቱን አታጥፉት፣ ማሳያውንና የክፍያ ደረሰኙን ስክሪንሾት ያዙ። ሥራው ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊትም ፒዲኤፉን አጉልታችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት፤ በተለይ የምግቦቹን ስምና ዋጋውን።