የጣና ጀልባና ታንኳ፦ የቱ ነው "ሩሊግ"?

ስዊድን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከአንድ አይስላንዳዊ የሥራ ባልደረባው ጋር ባሕር ዳር መጥቶ ነበር። እንግዳ መጥቶ ጣና ላይ ሳይወጣ ቢመለስ ነውር ነው ብዬ ቅዳሜ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ይዣቸው ሄድኩ። የማን ጀልባ እንደሆነ ይቅር።

ሞተሩ ሲጮህ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ መደማመጥ አልቻልንም። የእኔ የሕይወት አድን ጃኬት ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ ነው የተቋጠረው። ዘጌ ራሷ ምንም አይወጣላትም፤ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች አይተን ቡና ጠጥተን ተመለስን። ስንወርድ ግን "ብዙ ቆይታችኋል" ተብሎ ከተስማማነው ዋጋ ላይ ተጨመረብን። ስትከራዩ የመቆያውን ሰዓት አብራችሁ ተነጋገሩ።

እሑድ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ሁለት የደንገል ታንኳ ይዘን ወደ ደብረ ማርያም ተሻገርን። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው! መቅዘፊያው ውኃውን ሲነካ ጠብ ጠብ የሚለው ይሰማል፣ ሌላ ድምፅ የለም። ደንገሉ ውኃ ስለሚመጥ ቂጣችሁ መራሱ አይቀርም፤ ደህናውን ሱሪ ቤት ተዉት።

መሀል ላይ የአክስቴ ልጅ በስዊድንኛ "ሩሊግ ነው!" አለ። አይስላንዳዊው ከወዲያኛው ታንኳ "አዎ፣ በጣም ፀጥ ይላል" ብሎ መለሰለት። ለካ ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት ነው። ለስዊድኑ ሩሊግ የሚያዝናና፣ የሚያስቅ ማለት ነው። የአይስላንዱ ሮውሌጉር ደግሞ የተረጋጋ፣ ሰላማዊ። ሁለቱም የመጡት እርጋታ ወይም ዕረፍት ከሚል የጥንት ኖርዲክ ቃል ነው፤ የጀርመኖቹ ሩኧም ዘመዱ ነው። ዴንማርክና ኖርዌይም የድሮውን ትርጉም ይዘው ቀርተዋል፣ ወደ ጨዋታ የሄደው ስዊድንኛው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አሮጌውን አልጣለም፦ "ኡሩሊግ" ሲሉ ያልተረጋጋ፣ የሰጋ ማለታቸው ነው። ለእኔ አልገረመኝም፤ እኛስ እንግዳን "ተጫወት እንጂ" ስንል ኳስ አውጥተን ነው?

የገረመኝ ሌላው ነው። በስዊድንኛ "ሩ" እርጋታም ነው፣ መቅዘፍም ነው። በአይስላንድኛም "ሮዋ" ማረጋጋትም መቅዘፍም ይሆናል። የቃላቱ ምንጭ ግን የተለያየ ነው፣ ድምፃቸው ነው ተመሳስሎ የቀረው። የመቅዘፉ ቃል ከእንግሊዝኛው "ሮው" ጋር ነው የሚዛመደው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ትንታኔ ከታንኳ ታንኳ እየተጯጯህን ስናወራ የሚቀዝፉልን አባት መቅዘፊያቸውን አቆሙ።

"ልጆች፣ ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉ። እዚያ ጋ ጉማሬ አለ።"

የአክስቴ ልጅ ታንኳውን በሁለት እጁ ጨብጦ "አሁንስ ኡሩሊግ ሆንኩ" አለ።