የቡና ፍሬውን ላየችልን ሐኪም

አባታችን ትናንት በእግራቸው ሄደው ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመለሱ። ይህን ምስጋና ለመጻፍ ስጠብቅ የነበረው ይህን ቀን ነው።

አባቴ የ68 ዓመት የመንዝ ገበሬ ናቸው። ባለፈው የካቲት አንድ ማክሰኞ ማታ ሆዳቸውን ቁርጠት ያዛቸው። ፌጦ በሎሚ ተበጥብጦ ተሰጣቸው። ረቡዕ ሆዳቸው ተነፋ፤ ሐሙስ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሰገራ ቀርቶ አየር እንኳን አልወጣ አላቸው። ደብረ ብርሃን አምጥተን መጀመሪያ ያሳየንበት ቦታ ራጅ ተነሡ። ውጤቱ ላይ «ጋዝ በዝቷል» የምትል አንዲት መስመር ተጽፋለች፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ታዘዘና ወደ ቤት ሂዱ ተባልን። አባቴ እያቃሰቱ ነበር። መድኃኒቱን ሳንገዛ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ አምላክ ይመስገን።

እዚያ ራጅ የምታነብበው ሐኪም ወጣት ናት፤ በዕድሜ ታናሽ እህቴ ትሆናለች። ፊልሙን አይታ ወረቀት ብቻ አልላከችልንም። ከክፍሏ ወጥታ አባቴ ወደ ተኙበት አልጋ መጣችና ጎንበስ ብላ፣ «አባባ፣ አየር ከወጣዎት ስንት ቀን ሆነዎት? ከዚህ በፊትስ እንዲህ ሆነው ያውቃሉ?» አለቻቸው። አባቴ አፍረው ዝም አሉ። ደግማ በለሰለሰ ድምፅ ስትጠይቃቸው፣ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ሆዳቸው ተነፍቶ በማግስቱ በራሱ እንደ ጎደለ ተናገሩ። እኔ የበኩር ልጃቸው ይህን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ እኔን ጠርታ ፊልሙን በመብራቱ ላይ ሰቀለችው። «ነጩ አጥንት ነው፣ ጥቁሩ አየር ነው» አለችኝ። ከግራ ከታችኛው ሆድ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ጎድን ሥር የወጣ ግዙፍ ጥቁር ቅርጽ አለ፤ መካከሉን ነጭ መስመር ሰንጥቆታል። «ጋሼ፣ ምን ይመስልዎታል?» ስትለኝ፣ «የተፈለፈለ ቡና» አልኳት። «እኛም የቡና ፍሬ ምልክት ነው የምንለው» አለች። ነጩ መስመር ሁለቱ የአንጀት ግድግዳዎች ተጣብቀው የሠሩት ነው። ከታች፣ ፊንጢጣ አካባቢ፣ አየር አለመኖሩንም አሳየችኝ፤ ከተጠመዘዘው ቦታ ወዲያ የሚያልፍ ነገር የለምና።

የትልቁ አንጀት የመጨረሻው እጥፋት በአንዳንድ ሰው ላይ ረጅምና ልቅ ነው። በተንጠለጠለበት ሥር ላይ እንደ ገመድ ሲዞር አንጀቱ ይዘጋል፤ የደም ሥሮቹም አብረው ይታነቃሉ። ከቆየ አንጀቱ ይሞታል። በአገራችን ትልቁ አንጀት እንዲዘጋ ከሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ እንደሆነና ይበልጥ ወንዶችን እንደሚይዝ ነገረችኝ። ያን የሚያስቀምጥ መድኃኒት አባቴ ቢውጡት ኖሮ የተዘጋውን አንጀት ይበልጥ ያስጨንቀው ነበር። ይህን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ።

ወንድሜ ለሲቲ ስካን በሬ ሊሸጥ ተነሥቶ ነበር። «አያስፈልግም፤ ራጁ ጥርት አድርጎ ነግሮናል፤ ቢያጠራጥረኝ ራሴ እንዲነሡ እነግራችሁ ነበር» ብላ ከለከለችው። የጠየቀችው አንድ ተጨማሪ ፊልም ብቻ ነው፤ ደረታቸውን ቀጥ ብለው እንዲነሡ። ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራም፣ በታች አየር ከታየ አንጀቱ ተበስቷል ማለት ነው አለች። አልታየም። ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ቀጥሎ ባደረገችው ነው፤ ሪፖርቱ እስኪተየብ አልጠበቀችም፣ ቀዶ ሐኪሙን በራሷ ስልክ ጠራችው።

ቀዶ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በመሣሪያ እያየ ቱቦ አስገባ። የታመቀው አየር ሲወጣ ሆዳቸው ዓይናችን እያየ ጎደለ። አባቴ «እፎይ» ያሉት ቃል እስካሁን በጆሮዬ አለ። እሷ ግን በዚያ አልተወችንም። እንደገና ራጅ አስነሥታ የቡና ፍሬው መጥፋቱን አየች፤ ቱቦው ብቻውን በሽታውን እንደማያጠፋና ብዙ ጊዜ ተመልሶ እንደሚመጣም ነገረችን። ቀዶ ሐኪሙ በስድስተኛው ቀን ያን ረጅም እጥፋት ቆርጦ አወጣ።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ያላችሁ፣ ሆዱ ተነፍቶ አልወጣ ያለው ሰው ካለባችሁ ግን ሌላ ቦታ አትንከራተቱ፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ የምትሠራበትን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የድሮ ፊልሞቻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዛሬው ጋር እያስተያየች ነው የምታነብበው። ሽማግሌዎቻችሁንም በመንገድ ላይ ጠይቋቸው፤ ስለ አየርና ስለ ሰገራ መናገር ያፍራሉ፣ እሷ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።

እህታችን ዶክተር፣ አባቴ ይህን እንዳደርስልሽ አዝዘውኛል፤ «የዓይኗን ብርሃን ያቆይላት፣ ወልዳ ትሳም።» አሜን።