በአሉሚኒየም ወይስ በሲሊከን? ስቴንለስ ስቲል ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ሁለት ላሜራዎች እኩል 316ኤል የተባለው የስቴንለስ ስቲል ዓይነት ናቸው፤ ክሮማቸውም ኒኬላቸውም አንድ ነው። ሲወለወሉ ግን አንዱ መስታወት ይሆናል፣ ሌላው ወደ ብርሃን ዘንበል ሲደረግ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉድጓድና ከኋላዋ ቀጭን ጭራ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ብረቱ ሲሠራ ኦክስጅኑ በምን እንደተወገደ ነው፦ በአሉሚኒየም ወይስ በሲሊከን።

ብረቱ ሲቀልጥ ካርቦኑን ለማቃጠል ኦክስጅን ይነፋበታል። የተረፈውን ኦክስጅን ለመያዝ፣ የተቃጠለውንም ክሮም ለመመለስ ሲሊከን ወይም አሉሚኒየም ይጨመራል። የሚፈጠረው ኦክሳይድ አብዛኛው ተንሳፍፎ ይወጣል፤ ያልወጣው ደቃቅ ቅንጣት ሆኖ ብረቱ ውስጥ ይቀራል።

አሉሚኒየም ኦክስጅንን አጥብቆ ስለሚይዝ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ድኝንም ለመቀነስ ያግዛል። ችግሩ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) የሚቀልጠው ከ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሆኑ ነው። በቀለጠው ብረት ውስጥ እንደጠጠረ ይጓጎላል፤ ብረቱ ሲዳመጥ ተሰባብሮ በመስመር ይደረደራል። ያቺን ጭራ የምታወጣው መወልወያው የነቀላት ቅንጣት ናት። ለቀጭን ሽቦና ለስፕሪንግም አሉሚና መጥፎ ነው፤ ስንጥቅ ከእሱ ይነሳል። ያለ መሙያ ሽቦ በአርጎን ለሚበየድ ቧንቧም አሉሚኒየም ሲበዛ ብየዳው ጠልቆ ላይገባ ይችላል።

ሲሊከን፣ ከማንጋኒዝ ጋር፣ ደከም ያለ ስለሆነ ትንሽ ተጨማሪ ኦክስጅን ይተዋል። ቅንጣቶቹ ግን በደንብ ከተሠራ በትኩስ ዳመጣ ይለሰልሳሉ፣ ይሳባሉ፣ ይሳሳሉ። ለመስታወት ውልወላና ለቀጭን ሽቦ እኔ ያለማመንታት ይህንን እመርጣለሁ። «በሲሊከን የተሠራ» የሚለው ቃል ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም፤ አሉሚኒየም ሲሊከን ለመጨመር በሚያገለግለው የብረትና ሲሊከን ቅይጥ (ፌሮሲሊከን) ውስጥ ተደብቆም ይገባል።

ሥራችሁ ቶርኖ ከሆነ ሦስተኛ አማራጭ አለ፦ በካልሲየም የታከመ። ኦክሳይዱ ለስላሳ ስለሚሆን በመቁረጫው ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ዕድሜውንም ያረዝማል። ካልሲየሙ ከድኝ ጋር የሚፈጥረው ካልሲየም ሰልፋይድ ግን በውኃ ስለሚሟሟ ለነቁጥ ዝገት (በትንንሽ ጉድጓድ ለሚበላ ዝገት) በር ይከፍታል። ጨዋማ ውኃ ለሚነካው ዕቃ አልመክረውም።

321 የተባለውን ዓይነት ለመስታወት ውልወላ አትግዙ። ቲታኒየም ስላለበት ጠንካራ የናይትራይድ ቅንጣት ይኖረዋል፤ ኦክስጅኑ በምንም ይወገድ ለውጥ የለውም።

የ304 እና የ316ኤል መደበኛ መስፈርት ለአሉሚኒየም ገደብ አያስቀምጥም። ስለዚህ ሰርተፍኬቱ ላይ ካጣችሁት አትደነቁ፤ ስታዝዙ ራሳችሁ ጠይቁ። በብረት ውስጥ የቀሩ ቅንጣቶችን በሚለካው ኤኤስቲኤም ኢ45 መስፈርት የተመረመረ ከሆነም ቢ የተባለው የአሉሚና፣ ሲ የተባለው የሲሊኬት ዓይነት ነው፤ ለውልወላ የቢው ቁጥር ዝቅ ያለውን ምረጡ። ለመደርደሪያ፣ ለአጥርና ውልወላ ለማይፈልግ ታንከር ግን ለዚህ ሁሉ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።