አናቶሚ ወይስ ፊዚዮሎጂ፦ ደሴ ላይ ሕክምና የጀመረ ተማሪ በየትኛው ይበርታ?

አናቶሚ የሰውነት ክፍሎችን ቅርጽና አቀማመጥ፣ ፊዚዮሎጂ ደግሞ ሥራቸውን ያጠናል። በወጪ ሁለቱም ኪስ አይጎዱም። ለአናቶሚ ከሥጋ ቤት የተገዛ የበግ ልብ ይበቃል፤ ሲሰነጠቅ የግራው ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ይልቅ ወፍራም መሆኑ በዓይን ይታያል። ለፊዚዮሎጂ የእጅ ሰዓትና የደሴ ዳገት ይበቃል። ከተማዋ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል አየሯ ስስ ነው፤ የአዲስ መጤ ትንፋሽ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ የልቡ ምትም ይፈጥናል።

አናቶሚ ስም ያበዛል፦ 206 አጥንት፣ ከዚያ ጡንቻው፣ ነርቩ። አደጋው ሸምድዶ መርሳት ነው።

ፊዚዮሎጂ «ለምን?» ያበዛል። የግራው ግድግዳ የወፈረው ደምን ወደ መላው ሰውነት ስለሚገፋ ነው፤ ቀኙ የሚገፋው ወደ ሳንባ ብቻ ነው። እዚህ ሳይገባ የገባ መምሰሉ ያታልላል።

መሳል የሚወድ በአናቶሚ ይጀምር፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚቀናው ፊዚዮሎጂን ያስቀድም። ፈተና የደረሰበት ግን ወደ አጥንቱ ይሂድ፤ የ206ቱ አጥንት ስም በአንድ ሌሊት አይያዝም።