ተጠንቀቁ፦ «ኦሪጅናል ኮሚክ» ተብሎ በሞተር የሚመጣላችሁ ፕሪንት ነው

ይህን የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ለምትኖሩ የኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ ወዳጆች ነው። በቴሌግራም «አዲስ የወጡ፣ ኦሪጅናል፣ ከአሜሪካ የመጡ» እየተባለ የሚሸጥ ነገር አለ። ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። ኦሪጅናል አይደለም። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል በከለር ፕሪንተር ታትሞ፣ በሙጫ ተጠርዞ የሚሸጥ ኮፒ ነው። ዋጋው ግን የኦሪጅናል ነው።

የሻጩን ስም አልጠቅስም። የቻናሉ ስም ነገ ይቀየራል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ስለዚህ አሠራሩን እወቁት።

ቻናሉ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ የእውነተኛ ኮሚክ ፎቶ ነው፤ ከውጭ አገር ሱቆች የተወሰደ። ስትጠይቁት «አንድ ፍሬ ብቻ ነው የቀረው፣ ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው» ይላችኋል። ግማሹን በቴሌብር ትልካላችሁ። መሀል ከተማ ላሉት «ተገናኝተን እሰጣችኋለሁ» ሲል ሰምቻለሁ። እኛ ዳር ያለነውን ግን በሞተር እልካለሁ ይለናል። ሩቅ መሆናችንን ያውቃል። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ የቃሊቲን ትራፊክ አልፎ፣ ብሔራዊ ቴአትርና ለገሃር ድረስ ወርዶ መጽሐፍ መፈለግ ቀኑን ሙሉ ይበላል። «ቤትህ ድረስ ይመጣልሃል» ሲባል ማን ይጠላል? ሞተረኛው ቀሪውን ሂሳብ ሳይቀበል ፕላስቲኩን አያስከፍትም። ከፍላችሁ ስትከፍቱት እሱ የለም። ሻጩ ጋ ስትደውሉ «ወንድሜ፣ ታሪኩ አልተቀነሰ፣ ምን ጎደለህ?» ነው መልሱ። ከበረታችሁበት ብሎክ ያደርጋችኋል።

ጎረቤቴ የሆነ የ11ኛ ክፍል ተማሪ «አብሶሉት ባትማን» የሚባለውን አዲስ የባትማን ተከታታይ ቁጥር 1 በዚህ መንገድ በ2,800 ብር ገዛ። ክረምቱን አጎቱ ሱቅ ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው። እኔ ጋ ኦሪጅናሉ እንዳለ ስለሚያውቅ ይዞት መጣ። «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ግን ልክ ነው?» አለኝ። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርገን ገጽ በገጽ አየናቸው። ያየነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ እናንተም የምታዩት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ መጠኑ። የአሜሪካ ኮሚክ ወርዱ 17 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኮፒው በኤ4 ወረቀት የታተመ ነው። ኤ4 ከኮሚክ ገጽ ሰፋ ስለሚል ሥዕሉን ወደ ጎን ለጥጠውታል። ፊቶቹ ሁሉ ተጠፍጥፈዋል። ኦሪጅናሉ መሀሉ ላይ በሁለት የስቴፕለር ሽቦ የተያዘ ነው፤ ስትከፍቱት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይተኛል። ኮፒው በጎን በሙጫ ስለተያዘ አይዘረጋም።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የዚህ ኮሚክ ሠዓሊ ኒክ ድራጎታ ገጹን በትንንሽ ሳጥኖች ያጨናንቅና ድንገት ሁለት ገጽ ሙሉ በአንድ ሥዕል ይከፍተዋል። ባትማን የሚገዝፈው እዚያ ላይ ነው። ትንፋሽ የሚያስይዘው ያ መክፈት ነው። በኮፒው ላይ የሥዕሉ መሀል ሙጫው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ንግግሩ ራሱ ተቆርጧል፤ ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ ጥራዙን በጉልበት ሲከፍት ገጹ ተገነጠለ።

ቀለሙ ከዚህም ይብሳል። ቀለሙን የሠራው ፍራንክ ማርቲን ነው። የባትማን ከተማ የጎተም ሌሊት ኦሪጅናሉ ላይ ሰማያዊም፣ ሐምራዊም፣ ጥቁርም አለው፤ ጨለማው ውስጥ ማን እንደቆመ ይታያል። ኮፒው ላይ ሁሉም አንድ ጥቁር ሆኗል። ልጁ አንዱን ገጽ ሲያነብ ከበስተኋላ ሰው መኖሩን እንኳ አላወቀም ነበር። የኮፒው ሽፋን ውስጡ ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። ሽፋኑ ላይ ባርኮድ የለም። ኮፒዎቹ የሚወርዱት ከዲጂታል ፋይል ስለሆነ፣ ዲጂታሉ ሽፋን ላይ ደግሞ ባርኮድ ብዙ ጊዜ ስለማይኖር፣ ይህ አንዱ ትልቅ ምልክት ነው። በርበሬ ብሎ የሸክላ ዱቄት እንደ መሸጥ ያለ ሥራ ነው።

ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ልጁ ኮፒውን አንብቦ «ያን ያህል አይደለም፣ ሰው ያጋነነዋል» ብሎ ነበር። ኦሪጅናሉን ካየ በኋላ ነው ሐሳቡን የቀየረው። ስንቱ ሰው ይህን ኮፒ ይዞ ሥራው ደካማ ነው ብሎ ይተወው ይሆን? እኔ ደግሞ ከቅርብ ዓመታት የሱፐርሂሮ ሥራዎች አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ይህንን ነው የምመርጠው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የጀመረ ነው፣ ጸሐፊው ስኮት ስናይደር። እዚህ ብሩስ ዌይን፣ ማለትም ባትማን፣ ሀብታም አይደለም። መሐንዲስ ነው። እናቱ በሕይወት አሉ። መኪናውና ዋሻው በውርስ አልመጡለትም፤ ያለውን ሁሉ በእጁ የሠራው ነው። ደረቱ ላይ ያለው የሌሊት ወፍ እንኳ ተነቅሎ መጥረቢያ ይሆናል። ሀብቱን ወስደህ ባትማን ምን ይቀረዋል ለሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለ መልስ አላየሁም።

ፋንታሲ የምትወዱ ደግሞ «አብሶሉት ወንደር ውማን»ን በፕሪንት እንዳታዩት አደራ። በዚያው ወር ነው የወጣው፤ ጸሐፊዋ ኬሊ ቶምፕሰን ናት። እ.ኤ.አ. በ2025 ለኮሚክ ሥራዎች የሚሰጠውን የአይዝነር ሽልማት በምርጥ አዲስ ተከታታይ አግኝቷል። ወንደር ውማን የምትሆነው ዳያና እዚህ የምታድገው ከተዋጊዎቹ ሴቶች ከአማዞኖቹ ጋር ሳይሆን በሲኦል ነው፤ አሳዳጊዋ ጠንቋይዋ ሰርሲ ናት። ሠዓሊው ሄይደን ሸርማን ገጹን ራሱን እንደ ሥዕል ነው የሚያዋቅረው፤ ሳጥኖቹ ቅርጻቸው ይለያያል። ቀለሙን የሠራችው የጆርዲ ቤሌር ቀይ የሲኦሉ ግማሽ ነው። ከዚያው ሻጭ የተገዛ የዚህ ኮፒ አይቻለሁ። ቀዩ ቡኒ ሆኗል። ሲኦሉ አቧራ የነካው ግድግዳ ይመስላል።

«አብሶሉት ሱፐርማን» ለእኔ ከሁለቱ ያንሳል፤ መጀመሪያው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። የሌላው አሳታሚ የማርቭል «አልቲሜት ስፓይደርማን»ን ግን ትዳር ላላችሁ ሁሉ እላለሁ። ስፓይደርማን የሚሆነው ፒተር ፓርከር ኃይሉን የሚያገኘው ሚስትና ሁለት ልጆች ካሉት በኋላ ነው። ጆናታን ሂክማን ጽፎት ማርኮ ኬኬቶ ነው የሣለው። ወር እየጠበቁ አንድ አንድ ቁጥር ሲያነቡት ግን ይንቀረፈፋል። ብዙ ቁጥሮች አንድ ላይ በታተሙበት ጥራዝ ነው የሚሻለው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ይኸው ሻጭ ሁለት ሌሎች ነገሮችም ይሸጣል፤ እነዚህ ደግሞ እውነተኛ ኮሚኮች ስለሆኑ ለማወቅ ይከብዳሉ።

አንደኛው «ፈርስት ፕሪንት»፣ ማለትም የመጀመሪያ ህትመት፣ የሚለው ነው። «አብሶሉት ባትማን» ቁጥር 1 ፈላጊው ስለበዛ በተደጋጋሚ ታትሟል። የመጀመሪያው ህትመት በውድ ይሸጣል፤ የኋላዎቹ እንደዚያ አይደሉም። ሻጩ የኋላውን ህትመት የመጀመሪያው ነው ብሎ በእጥፍ ያስከፍላል። ይህንን በአሥር ሴኮንድ ማጣራት ትችላላችሁ። ሽፋኑ ላይ ከትልቁ ባርኮድ በስተቀኝ አንዲት ትንሽ ባርኮድ አለች፤ አምስት አሃዝ ይዛለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የኮሚኩ ተራ ቁጥር ናቸው። አራተኛው ሽፋኑ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይናገራል። አምስተኛው ስንተኛ ህትመት እንደሆነ ነው። 00111 ማለት ቁጥር 1፣ ዋናው ሽፋን፣ የመጀመሪያ ህትመት ነው። መጨረሻው 2 ከሆነ ሁለተኛ ህትመት ነው፣ በቃ። ሻጩ በፎቶው ላይ ያቺን ጥግ በጣቱ ወይም በስቲከር ከሸፈናት ምክንያቱ ይገባችኋል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ «ብርቅ ሽፋን ነው» ሲላችሁም አራተኛዋን አሃዝ እዩ። 1 ከሆነች ዋናው ሽፋን ነው፤ ብርቅ የሚባል ነገር የለውም።

ሁለተኛው «የጥንት ኮሚክ» የሚለው ነው። ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት «አሜዚንግ ፋንታሲ» ቁጥር 15 እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ ነው፤ ዋጋው 12 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ማርቭል ራሱ ይህንን ከነማስታወቂያዎቹ አስመስሎ በድጋሚ አሳትሞታል፤ ፋክሲሚሊ ይባላል። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ዋጋው ግን የማንኛውም አዲስ ኮሚክ ዋጋ ነው። «አያቴ ከአሜሪካ ያመጡት» ተብሎ በአሥር ሺህ ብር ሲጠየቅ አይቻለሁ። ሽፋኑ ላይ ባርኮድ ካለ የ1962 አይደለም፤ ያኔ ኮሚክ ላይ ባርኮድ የሚባል ነገር ገና አልነበረም።

ዋጋን በተመለከተ፣ «ዶላር ስለጨመረ ነው» የሚለው ነገር ውሸት አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ተወዷል። «አብሶሉት ባትማን» ቁጥር 1 አሜሪካ ውስጥ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ 4 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው። በዕለቱ ምንዛሪ አባዙት፣ የማምጫውን ጨምሩበት፣ ትርፉንም አስቡለት። ለእውነተኛው ኮሚክ ያንን መክፈል ቅር አይለኝም። ለፕሪንት ግን ማስመጫ የለ፣ ቀረጥ የለ፣ ለሠዓሊው የሚደርስ ሳንቲም የለ። እንዲያውም «ኮፒ ነው» ብሎ በግልጽ በርካሽ ቢሸጠው እንኳ የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን አይፈቅድም።

እንግዲህ ልትገዙ ከሆነ ፎቶ አትቀበሉ። ቪዲዮ ጠይቁ። ዛሬ የተቀረጸ ይሁን፤ ስማችሁን በወረቀት ጽፎ አጠገቡ ያስቀምጥ። ባርኮዷን አቅርቦ ያሳይ፣ መሀሉን ገልጦ ሽቦዎቹን ያሳይ። ኦሪጅናል ያለው ሰው ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ቀብድ አትላኩ። በሞተር ከመጣ ፕላስቲኩን ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ነው የምትከፍሉት፤ ሞተረኛው እምቢ ካለ ይዞት ይመለስ። እሱም ታዝዞ ነው፣ አትጣሉት።

ኮሚኩን በሌላ መንገድ ማግኘት ለምትፈልጉ፣ ውጭ ዘመድ ያላችሁ በጥራዝ አስመጡ። የ«አብሶሉት ባትማን» የመጀመሪያው ጥራዝ ከቁጥር 1 እስከ 6 ያለውን ይዟል፤ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይዝም። ማርቭል አንሊሚትድ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ደግሞ አዳዲሶቹን የማርቭል ኮሚኮች ከታተሙ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ያስገባቸዋል፤ ክፍያውን ውጭ ያለ ሰው በካርዱ ሊሞላላችሁ ይችላል። የአገራችንንም አትርሱ። ኢታን ኮሚክስ ያወጣው «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ፤ የራሳችን ሱፐርሂሮ ነው።

አስቀድማችሁ የተሸወዳችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ለብቻም፣ ያንኑ ዕቃ ከገዙ ሌሎች ጋር ሆኖም መጠየቅ ይቻላል። የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ። ብሎክ ከመደረጋችሁ በፊት የጻፋችሁትንና የጻፈላችሁን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጉ፤ በተለይ «ኦሪጅናል ነው» ያለበትን።

የጎረቤቴ ልጅ 15 ቀን ገና አልሞላውም። እሱና እናቱ በዚህ ሳምንት ወረዳችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ሊያመለክቱ ነው፤ እኔም ኦሪጅናሉን ለማወዳደሪያ ይዤ አብሬ እሄዳለሁ። ከዚሁ ሻጭ የገዛችሁ ካላችሁ ኮፒውንና የክፍያ መልእክቱን ይዛችሁ እኛ ጋ ኑ፤ አቤቱታውን አንድ ላይ እናስገባው።