በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን የሚመለከት የይግባኝ ማስረጃ ምዘና፦ ስለ አንድ የርቀት ሥልጠና

በሕፃናት ላይ በሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት የይግባኝ ክርክር ላይ ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን የሚያስተምር፣ ለሕግ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የርቀት ሥልጠና በቅርቡ አጠናቅቄያለሁ። ይግባኝ የሚጽፍም ሆነ የሚሰማ ባለሙያ ቢወስደው በእጅጉ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ፤ የሕክምና ማስረጃን የሚመለከተው ክፍሉ ግን እንደገና ሊሠራ ይገባዋል።

ሥልጠናው የሚነሣው የይግባኝ ፍርድ ቤት ክርክሩን እንደ አዲስ እንደማይሰማ በማስረዳት ነው። ምስክሮቹን በዓይኑ ያየው የሥር ፍርድ ቤት በመሆኑ ስለ ተአማኒነታቸው የደረሰበት ድምዳሜ ክብደት ይሰጠዋል፤ ይህ ማለት ግን የታመነ ቃል ሁሉ ጥፋተኝነትን ያጸናል ማለት አይደለም። ለማሳያነት የቀረበው የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በሕፃናት ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽመዋል ተብለው በተከሰሱት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካርዲናል በጆርጅ ፔል ላይ የተላለፈውን የጥፋተኝነት ውሳኔ የሻረበት ፍርድ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ጁሪው (ጥፋተኝነትን የሚወስነው ከተራ ዜጎች የተውጣጣው ቡድን) የግል ተበዳዩን ቃል እንዳመነው ተቀብሎ፣ ድርጊቱ በተባለው ሁኔታ መፈጸሙን የሚያጠራጥሩት የሌሎች ምስክሮች ቃሎች ግን ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሊያሳድሩበት ይገባ ነበር ብሏል። አከራካሪ ፍርድ ቢሆንም ለማስተማሪያነት መመረጡ ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ለትምህርቱ በተዘጋጁ ሁለት የቃለ መጠይቅ ግልባጮች ላይ የሚሠራው መልመጃ ነው። በአንደኛው መርማሪዋ «ዛሬ ለምን እንደ መጣሽ ንገሪኝ» ብላ ትጀምርና ልጅቷ በተናገረችው ላይ ብቻ ተመሥርታ «ከዚያስ?» እያለች ትቀጥላለች። በሁለተኛው ግን «አጎትሽ ነክቶሻል፣ አይደል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ልጅቷ የማንንም ስም ሳታነሣ ነው፤ ልጅቷም «አዎ» ትላለች። ሠልጣኙ እያንዳንዱ ዝርዝር መጀመሪያ የወጣው ከልጅቷ አፍ ይሁን ከጠያቂዋ በኅዳጉ ላይ እየጻፈ ይሄዳል። ሁለተኛው ግልባጭ ልጅቷ ዋሽታለች አያሰኝም፤ ዳኛው ከዚያ በኋላ የሷን ትዝታ ከጠያቂዋ ግምት መለየት የሚችልበት መንገድ መጥፋቱን ግን ያሳያል። ያ አንድ መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን ራሱ የሚጠቁም ጥያቄ፣ በእውነት በተፈጸመ በደል ላይ የቀረበን ክስ ሊያከሽፍ፣ ንጹሕ ሰውንም ሊያሳስር ይችላል፤ መልመጃውን ከሠራሁ በኋላ በእጄ ያሉትን መዝገቦች የማነበው በዚሁ ዓይን ነው።

በምስክርነት ቃሎች መካከል የሚታይ ልዩነትም በቂ ቦታ ተሰጥቶታል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 በሰጠው ፍርድ ሕፃናት እንደ ጊዜና ቦታ ያሉ ዝርዝሮችን በአዋቂ ሚዛን እንዲያስታውሱ መጠበቅ እንደማይገባ፣ ይህም ሆኖ የማስረዳት ደረጃው ዝቅ እንደማይል አስገንዝቧል። «ቀኑን ተሳስታለች» የሚል የይግባኝ ምክንያት የሚያዘጋጅ ጠበቃ ስህተቱ የክሱን እምብርት ይነካ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

የሕክምናው ክፍል ግን ቅር አሰኝቶኛል። ብዙ ጥቃቶች በአካል ላይ ምልክት እንደማይተዉ፣ የተተወውም ቶሎ ሊድን ስለሚችል የምርመራ ውጤት «ጤናማ» መሆኑ ጥቃት አለመፈጸሙን እንደማያረጋግጥ የተነገረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ተከላካዮች «የሕክምና ማስረጃው ምንም አያሳይም» የሚለውን በይግባኛቸው አዘውትረው ስለሚያነሡ ነጥቡ በስፋት መታየት ነበረበት። ባለሙያው ከሙያው ወሰን አልፎ «ልጅቷ እውነቷን ነው» ብሎ ሲመሰክር ምን ይደረጋል ለሚለውም መልስ የለውም፤ ተአማኒነትን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤቱ በመሆኑ እንዲህ ያለ አስተያየት ለይግባኝ በር ይከፍታል።

የመጨረሻው ክፍል ልጁ የቀድሞ ቃሉን ሲለውጥ የሚነሣውን ክርክር ያያል። ሠልጣኙ ልጁ ቃሉን በለወጠበት ጊዜ ከማን ጋር ይኖር እንደነበር፣ የቤተሰቡን ወጪ የሚሸፍነው ተከሳሹ እንደሆነና ለውጡ መጀመሪያ የተነገረው ለማን እንደሆነ ከመዝገቡ እየለቀመ እንዲጽፍ ይደረጋል። መምህራኑ በጽሑፉ ላይ ዝርዝር አስተያየት የሚሰጡ ሲሆን፣ አጥብቀው የሚያሳስቡት የመጀመሪያው ቃልም ሆነ ኋላ የተለወጠው ቃል በእነዚሁ ጥያቄዎች እኩል እንዲፈተኑ ነው።